የ«ጎረቤት» ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ ደሴ ከተማ ውስጥ፣ አንድ ቁልፍ ለሦስት የያዙ ጓደኛሞች ነበሩ። ቁልፉ ኪስ የሚገባ ብረት አይደለም፤ ኮምፒውተር ላይ የሚጻፍ፣ ሌላ ሰው ሊገምተው የማይችል ረጅም የምስጢር ቃል ነው። ምን እንደሚከፍት ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ሰዎቹን ተዋወቋቸው፤ ኋላ የምትፈርዱት በእነሱ ላይ ነውና።

የመጀመሪያው ደምለው ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሰው ፊት «እምቢ» ማለት የማይሆንለት ሰው። አንድ ክረምት መንገድ ሲቆፈር የአዲስ አበባው መስመር ተበጠሰና ደሴ ዘጠኝ ቀን ያለ ኢንተርኔት ከረመች። ያኔ ደምለውን አንድ ነገር ከነከነው። ከአራዳ ሰፈር ወደ ሆጤ ሰፈር፣ በእግር ለሚኬድ መንገድ፣ አንዲት መልእክት መላክ አልተቻለም፤ ሰው ሁሉ የሚጠቀምባቸው መተግበሪያዎች ማሽናቸው ያለው ባሕር ማዶ ነዋ። «የጎረቤቴ መልእክት ባሕር ተሻግሮ ለምን ይመለሳል?» አለና ክፍሉን ዘግቶ ተቀመጠ። ሁለት ዓመት ፈጀበት። ሲወጣ «ጎረቤት» የሚባል የመልእክት መለዋወጫ ይዞ ወጣ። በ«ጎረቤት» እያንዳንዱ ከተማ የራሱን ትንሽ ሰርቨር፣ መልእክት የሚያሳልፍ ማሽን፣ ያስቀምጣል፤ የከተሞቹ ሰርቨሮች እርስ በርስ ይነጋገራሉ፤ ከሁሉም በላይ የተቀመጠ አለቃ የለም። የተሠራበት የኮምፒውተር ጽሑፍ፣ ኮዱም፣ ክፍት ነው። የፈለገ ያነበዋል፣ የፈለገ ይገለብጠዋል፣ የፈለገ ያሻሽለዋል።

ሁለተኛው አሰግድ ነው። አሰግድ የማይገባበት ቤት፣ የማያውቀው ሰው የለም። ደምለው የሠራውን ሰው እጅ ያስገባው እሱ ነው። ሰርቨሮቹን አውቶቡስ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፎ ከከተማ ከተማ ዞረ፤ አንዱን ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱን መድኃኒት ቤት ጓዳ፣ አንዱን ፎቶ ቤት አስቀመጠ። በአራት ዓመት ውስጥ አርባ ከተሞች «ጎረቤት»ን ተከሉ። የደሴ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ዕድር ዘንድ በሄደ ጊዜ ግን ያ ሁሉ አንደበቱ ከንቱ ሆነበት። ቆሞ ሲለፈልፍ ሰዎቹ ዝም ብለው ያዩታል። አፍሮ ወጣ። ስምንት ወር የምልክት ቋንቋ ተማረና ተመልሶ ሄደ።

ሦስተኛዋ ዘይነባ ናት፤ ይህ ታሪክ ይበልጥ የእሷ ነው። ዘይነባ ፒያሳ ቁልቁለት ላይ ሱቅ ያላቸው የልብስ ሰፊው የጋሽ እንድሪስ ልጅ ናት። ጋሽ እንድሪስ በአምስት ዓመታቸው ማጅራት ገትር ታመው ከዚያ ወዲህ ሰምተው አያውቁም። የልጆቹ እናት ቀድማ ስለሞተች ዘይነባና ታላቅ ወንድሟ ሙህዲን ያደጉት በአባታቸው እጅ ነው፤ ሰው አፍ ይፈታል፣ እነሱ እጅ ፈቱ። ዘይነባ ኮሌጅ ገብታ የኮምፒውተር ትምህርት ስትማር ደምለውንና አሰግድን አገኘች፤ ከዚያ በኋላ ሦስቱ አልተለያዩም።

እንግዲህ ቁልፉ ይኸው። «ጎረቤት» ላይ አዲስ ነገር ሲጨመር አርባዎቹ ከተሞች የሚቀበሉት በዚህ ቁልፍ ተፈርሞ ከመጣ ብቻ ነው። እያንዳንዳቸው ሙሉውን ቁልፍ የያዙ ቀን ሦስቱ ሻይ ቤት ተቀምጠው ቃል ተገባቡ። «ያለ ሦስታችን ፈቃድ አንዳች ነገር አይገባም» አለ ደምለው። «ያለ ሦስታችን ፈቃድ አንዳች ነገር አይወጣም» አለ አሰግድ። ዘይነባ ሁለቱንም ቃል በእጇ ደገመችው፤ እጇ ላይ ያላለፈ ነገር እውነት አይመስላትም ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ሙህዲን ጅቡቲ ወደብ ሥራ አግኝቶ ከሄደ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ጋሽ እንድሪስ ከስማቸውና ከሜትር ቁጥር በስተቀር ማንበብ አይችሉም፤ ስለዚህ ጽሑፍ አይረዳቸውም። ሙህዲን ሲደውል ዘይነባ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ ለአባቷ በአንድ እጇ ታስተረጉማለች። ስድስት ዓመት አባትና ልጅ የተነጋገሩት በእሷ በኩል ነው። አባቷ አንዳንድ ቀን አንድ ነገር ሊሉ እጃቸውን ያነሱና መልሰው ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጡታል። በእህት በኩል ለወንድም የማይነገር ነገር እንዳለ ዘይነባ ይገባታል።

የቪዲዮ መደወያ ሞልቶ የለም እንዴ፣ ትሉ ይሆናል። ሞልቷል። ነገር ግን ኔትዎርኩ ሲቀጥን ምስሉ ይቆማል። ለሚሰማ ሰው ምስሉ ቢቆም ድምፁ ይቀጥላል፤ ሰላም ብሎ ጤና ጠይቆ ይዘጋል። በእጁ ለሚናገር ሰው ግን ምስሉ ከቆመ ንግግሩ አለቀ። ጋሽ እንድሪስ ሦስት ጊዜ ሞክረው በአራተኛው ስልኩን መልሰው ሰጧት።

ዘይነባ ለ«ጎረቤት» የእጅ ንግግር የማይቆራረጥበት የቪዲዮ ጥሪ መሥራት ጀመረች። አባቷ ሱቃቸው ውስጥ አንድ ስልክ ይዘው ይቀመጣሉ፤ እሷ ሌላ ስልክ ይዛ ኔትዎርክ ወደሚቀጥንበት ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ ትሄዳለች። ስትመለስ አባቷ የልብስ መስፊያውን አቁመው የታያቸውን ይነግሯታል።

«እጅሽ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቀረ» አሏት አንድ ቀን በምልክት።

በሌላ ቀን ደግሞ «ፊትሽ ጥሩ ነው፣ ጣት ግን የለሽም» አሏት።

እንዲህ እያለ ዓመት አለፈ። በመጨረሻ ዘይነባ መጣል ያለበትን መጣል ጀመረች። ኔትዎርኩ ሲቀጥን ግድግዳውም፣ ወንበሩም፣ ሰማዩም እንደ ድሮ ፎቶ ግራጫ ሆነው ይደበዝዛሉ፤ ያለው አቅም በሙሉ ለእጅና ለፊት ይሄዳል። ከተደበዘዘው ምስል መካከል ሁለት እጆች በቀለማቸው ደምቀው፣ ሳይቆራረጡ ይንቀሳቀሳሉ። በዓለም ላይ እንዲህ የሚያሳይ ሌላ አላየችም። ያን ዕለት ስትመለስ አባቷ ሱቁ በር ላይ ቆመው ጠበቋት።

«አሁን ተናገርሽ» አሏት።

ሥራውን ለደምለው ሰጠችው። ገና ስላልጸደቀ ለሕዝብ አልተከፈተም፤ ኮዱን ያዩት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ደምለው ተቀበላት፤ ደስ ያለውም ይመስል ነበር። ከወር በኋላ ጠየቀችው። «ገና እያየሁት ነው» አላት። ከሦስት ወር በኋላ ጠየቀችው። «ትንሽ ታገሺኝ ዘይኑ፣ ገና እያየሁት ነው።» አባቷ በየሳምንቱ ዓርብ ከሶላት መልስ ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው ይጠይቋታል፤ እሷም እጇን ቀስ አድርጋ ወደ ፊት ትገፋለች፦ በቅርቡ። አሥር ወር እንዲህ ሄደ።

በአሥራ አንደኛው ወር አንድ ረፋድ ላይ ዘይነባ ኮምቦልቻ መናኸሪያ አውቶቡስ ስትጠብቅ ሁለት ወጣቶች አጠገቧ ቆመው በስልክ ያወራሉ። አንደኛው ስልኩን ዘርግቶ ይዞ በአንድ እጁ ምልክት ይሠራል። ሰላም ልትላቸው ጠጋ አለች። ስክሪኑ ላይ ካለው ሰው ጀርባ ያለው ሁሉ ግራጫ ነው። እጆቹ ግን በቀለማቸው ደምቀው፣ ሳይቆራረጡ ይንቀሳቀሳሉ።

ዘይነባ የገዛ ሥራዋን አወቀችው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች በእጇ።

ወጣቱ ፈገግ አለ። «አዲስ ነው። ‹ቅርብ› ይባላል። አዲስ አበባ ያለ ትልቅ ድርጅት ነው ያወጣው። የሠራውን ሰው ላሳይሽ?» አለና አንድ ቪዲዮ ከፈተላት።

ትልቅ አዳራሽ ነው። መድረክ ላይ ሱፍ የለበሱ ሰዎች ቆመዋል። አስተዋዋቂዋ «ይህን ቴክኖሎጂ የፈጠረው ወጣት» ስትል አሰግድ ወደ ፊት ወጣ። ሰው አጨበጨበ። ዘይነባ ጠበቀች፤ አሁን ስሜን ይጠራል ብላ ጠበቀች። አሰግድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳና ወረደ። ቪዲዮው አለቀ። አውቶቡሱ መጥቶ ሞልቶ ሄደ፤ እሷ ቆማ ቀረች።

በማግስቱ አሰግድ ራሱ ቤቷ መጣ። አልሸሸም፤ ይህን ልብ በሉለት። በር ላይ ቆሞ በአፉ አልጀመረም፣ በእጁ ነው የጀመረው።

«አይተሻል» አለ።

«አይቻለሁ።»

«ሌላ መንገድ አልነበረኝም።»

«አንድ ቃል ነበረህ» አለች ዘይነባ፣ በአፏ። «ያለ ሦስታችን ፈቃድ አይወጣም አልክ። አንተ ነህ ያልከው። እሺ ይሁን፣ መውጣቱንስ ልተወው። ስሜን ምን አደረግከው?»

«መድረክ ላይ እንደዚያ እንደሚሉ አልነገሩኝም» አለ አሰግድ። «ከዚያ በኋላ ማረም ነበረብኝ። አላረምኩም። ለሱ ምክንያት የለኝም።»

«ጥቂት ወር ብትጠብቅ ምን ነበረበት?»

አሰግድ ተቀመጠ። «የምትጠብቂው ነገር እንደሌለ አታውቂም ማለት ነው» አላት። «ደምለው አያስገባውም። የወሰነው በሁለተኛው ወር ላይ ነው። ለእኔ ነግሮኛል፤ ላንቺ ራሱ ሊነግርሽ ነበር። እኔ በየከተማው ስዞር ሰዎቹ ‹መቼ ነው?› እያሉ በእጃቸው ይጠይቁኛል። ፊታቸውን እያየሁ ስንት ጊዜ ልዋሽ? ድርጅቱ ሲጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ተደራደርኩ፦ መስማት ለተሳናቸው ለዘለዓለም በነጻ ይሁን። ተስማሙ። ሰጠኋቸው።»

ዘይነባ በአሰግድ ልትናደድ ተዘጋጅታ ነበር፤ አሁን የቱን እንደምታስቀድም ጠፋት። አሥር ወር ሙሉ «ገና እያየሁት ነው» ያላት ሰው ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ማየቱን ትቶ ነበር። እሷም አባቷን በየዓርቡ «በቅርቡ» እያለች ዋሽታለች፤ የሰው ውሸት እጇ ላይ ሆኖ።

ያንኑ ቀን ደምለው ዘንድ ሄደች። ላፕቶፑን ከፍቶ ተቀምጧል። ሲያያት ገባው፤ ከደነው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አልቻልኩም» አለ።

«ለአሰግድ ቻልክ።»

ደምለው ወንበር ሳበላት። ከዚያ ነገራት። ሥራዋን አንዲት ትንሽ የቆላ ከተማ ላይ ሞክሮት ነበር። ሁለት ስልኮች በቀጥታ መገናኘት ሲያቅታቸው ምስሉ በከተማው ሰርቨር በኩል ያልፋል፤ ያቺ ትንሽ ሰርቨር ምስሉ ሲበዛባት ታነቀች። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጽሑፍ መልእክቶች ሁሉ ቆሙ። ከቆሙት አንዱ አንዲት አዋላጅ ነርስ ለአምቡላንስ ሾፌር የላከችው ነበር። ምጥ የያዛት ሴት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመዋት ሲሄዱ መንገድ ላይ፣ ድንጋይ ሥር ወለደች።

«ተረፉ?» አለች ዘይነባ።

«ተርፈዋል፣ እግዜር ይመስገን። ሄጄ አይቻቸዋለሁ። ነርሷ አልተቆጣችኝም። ‹መልእክቴ ደርሷል ብዬ ነው የተቀመጥኩት› ነው ያለችኝ። እሱን ነው መርሳት ያቃተኝ።» ቀና ብሎ አያት። «ያን ላንቺ እንዴት ልንገርሽ? የአንቺ ሥራ ነው ሰርቨሯን ያነቃት ልበልሽ? ለአባትሽ ብለሽ የሠራሽውን?»

«ብትነግረኝ እኮ አስተካክለው ነበር» አለች ዘይነባ። «አሥር ወር ነበረኝ።»



እነዚህን ሁለት ነገሮች ተሸክማ ወደ አባቷ ሱቅ ወረደች። ለጋሽ እንድሪስ ሁሉንም ልትነግራቸው አስባለች፤ በእሳቸው ፊት ታለቅስም ይሆናል። በሩ ላይ ስትደርስ አባቷ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ቆመዋል። ስልክ የልብስ መስፊያው ላይ ተደግፏል። ስክሪኑ ላይ ግራጫ ግድግዳ፣ ከግድግዳው ፊት ደግሞ የወንድሟ የሙህዲን እጆች አሉ። አባቷ በሁለት እጃቸው፣ በትከሻቸው፣ በመላ ሰውነታቸው ያወራሉ። ስለ ልጆቹ እናት ነው የሚያወሩት። የታመመች ጊዜ ስለተፈጠረ፣ ዘይነባ ሰምታው ስለማታውቀው ነገር። ሙህዲን ያለቅሳል። አባቷ ደጋግመው አንድ ምልክት ይሠራሉ፦ ያንተ ጥፋት አይደለም፣ ያንተ ጥፋት አይደለም።

ዘይነባ እስኪጨርሱ ውጭ ቆመች። ጋሽ እንድሪስ ዞረው ሲያዩዋት እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለቻቸው።

«ሦስት ሳምንት።»

«አሰግድ ነው የጫነልህ?»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የእኔ መሆኑን አውቀሃል?»

«መጀመሪያ እንዳየሁት አውቄያለሁ» አሉ አባቷ። «ዓመት ሙሉ ያየሁት እጅ ነው፤ እንዴት ይጠፋኛል? ልነግርሽ አስቤ ነበር። ከነገርኩሽ ተወው ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ሙህዲንን ካየሁ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። የማንን ስም እንደጻፉበት ልጠይቅ አልፈለግኩም።» ትንሽ ቆዩና ጨመሩ። «አንቺን በድያለሁ። አውቃለሁ።»

ከሁሉም ይህ ነው የቆረጣት። በአሰግድ ልትጮህ ትችላለች፣ በደምለው ልትጮህ ትችላለች። አባቷ ደስ ብሏቸዋል፤ ደስታቸው ደግሞ ከተሰረቀባት ነገር ነው የመጣው። ምን ብላ ትጮህ?

አልጮኸችም። አንድ ወር ከቤት አልወጣችም። ሥራዋን ከመጀመሪያው አንስታ አቀለለችው፤ ሰርቨሩ ሲጨናነቅ ምስሉ መንገድ ለቆ ጽሑፉን እንዲያሳልፍ አደረገች። በራሷ ትንሽ ማሽን ሞከረችው፤ ሠራ። ከዚያ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ቁልፉን አወጣች። ለደምለው አልነገረችም፤ ለአሰግድ አልነገረችም። ለአርባዎቹ ከተሞች አዲሱን «ጎረቤት» ከነቪዲዮ ጥሪው ፈርማ ላከች። አብሮት በሄደው ደብዳቤ ግርጌ እንዲህ ጻፈች፦ «ተፈትሾ ጸድቋል። ደምለው፣ አሰግድ፣ ዘይነባ።»

ይህንንም ልብ በሉ። የሦስቱን ስም የጻፈችው አንዷ ናት።

ሠላሳ አንድ ከተሞች ተቀበሉ። በሃያ ስምንቱ ሰዎች በእጃቸው መነጋገር ጀመሩ፤ ያውም ድርጅት ሳይሰማ፣ ማንም መሃል ሳይገባ፣ ከራሳቸው ከተማ ሳይወጣ። በሦስቱ ግን ማሽኖቹ ዘይነባ ከሞከረችበት ያነሱ ነበሩና ታነቁ፤ ጽሑፍ ግማሽ ቀን ቆመ። ያን ቀን ማንም አልተጎዳም። ከሦስቱ የአንዱን ሰርቨር የሚጠብቀው የመድኃኒት ቤት ባለቤት ግን ደሴ ድረስ መጣና ደምለውን አገኘው። «ስምህን ባላይ ኖሮ ሳልሞክር አልጭነውም ነበር» አለው። ደምለው ስሙ እንደተጻፈ የሰማው ያኔ ነው።

ነገሩ በዚሁ ሊቀጥል አልቻለም። የከተሞቹ ሰርቨር ጠባቂዎችና የደሴው መስማት የተሳናቸው ዕድር ተመካክረው ሦስቱን ጠሩ። ቁልፉ በሦስት እጅ መሆኑ ቀረ፤ ሦስቱ እጆች እርስ በርስ መተማመን አቅቷቸዋል። ከእንግዲህ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ይይዘዋል፤ «ጎረቤት» የሚለው ስምም፣ የሚገባውንና የሚወጣውን የመወሰን ሥልጣንም የእሱ ይሆናል። ሁለቱ እንደማንኛውም ሰው ይሆናሉ።

ጉባኤው የተካሄደው በዕድሩ አዳራሽ፣ እሑድ ከሰዓት በፊት ነው። ሰብሳቢዋ እትዬ ብርቄ ናቸው፤ ሹራብ ሠርተው የሚሸጡ፣ ከልደታቸው ጀምሮ የማይሰሙ፣ ዕድሩን አሥራ ሁለት ዓመት የመሩ ሴት። ገና ሲጀመር አንድ ችግር ተፈጠረ። ደምለው ምልክት አያውቅም። በዕድሩ ስብሰባ ሁልጊዜ የምታስተረጉመው ዘይነባ ነበረች። አሁን ግን እሷም ተከሳሽ ናት፤ አሰግድ ያስተርጉም ቢባል እሱም ተከሳሽ ነው፣ ደምለውም አልፈለገውም።

እትዬ ብርቄ ዘይነባን አዩዋት። «አንቺ ታስተረጉሚያለሽ?» አሏት። «ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ?»

«አስተረጉማለሁ» አለች።

ደምለው ተነስቶ ተናገረ፤ ዘይነባ አጠገቡ ቆማ የገዛ ክሷን በገዛ እጇ ለሰው አቀረበች። «ዘይነባን አሥር ወር ዋሽቻታለሁ» አለ ደምለው፤ እጇም እንዲሁ አለ። «ፊቷን ማየት ስለፈራሁ ነው። ለዚህ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ውሳኔዬን ግን አልጸጸትበትም። መልእክቷ ደርሷል ብላ የተቀመጠችውን ነርስ አይቻለሁ። ዘይነባ ስሜን ሳታስፈቅደኝ ፈርማ ሰዎች በእኔ ስም አምነው በራቸውን ከፈቱ። አንድ ጊዜ በሰው ስም የፈረመ ሁለተኛ ይፈርማል። ይህን ቤት የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሰርቨራቸው ከጽሑፍ በላይ የማይችለውን ትንንሽ ከተሞች የሚያስብላቸው ሌላ ሰው አላየሁም።» ዘይነባ «በሰው ስም የፈረመ» የሚለውንም ሳትቀንስ በእጇ አለችው። እትዬ ብርቄ አሰግድን በዓይናቸው ጠየቁት፤ አሰግድ «በትክክል ነው ያስተረጎመችው» ብሎ መሰከረላት።

አሰግድ አስተርጓሚ አላስፈለገውም። አጭር ነበር። «ከሦስታችን ውስጥ ምንም ያልሠራሁ እኔ ነኝ» አለ በእጁ። «ኮዱን ደምለው ጻፈው፣ እጆቹን ዘይነባ አመጣቻቸው። እኔ ተሸካሚ ነኝ። ቃሌን አፍርሻለሁ፤ ለማይገባኝ ጭብጨባም እጅ ነስቻለሁ። ግን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ‹ቅርብ› ስልኩ ላይ ያለ እጁን ያንሳ።» ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሰው እጁን አነሳ። «እነሱ ሁለቱ ሲደባበቁ እናንተ መነጋገር የቻላችሁት በእኔ በደል ነው። ድርጅቱ ነገ ቢዘጋው የሚጮህባቸው ሰው ያስፈልጋል፤ መጮህ ደግሞ እኔ እችላለሁ።» ከኋላ አንዲት ሴት ተነስታ «የድርጅቱ ሰዎችስ ከማን ጋር እንደምናወራ ያዩ ይሆን?» ብላ ጠየቀችው። አሰግድ እጆቹን ዘረጋ። «አላውቅም» አለ። «ኮዱ ዝግ ነው።»

የዘይነባ ተራ ደረሰ። በአፏና በእጇ በአንድ ላይ ተናገረች፤ ሁለቱን ማጣጣም ከባድ ነው፣ እሷ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ የኖረችበት ነው። «ደምለው ያለው እውነት ነው፤ ስሙን ፈርሜበታለሁ» አለች። «አሥር ወር የጠበቅኩት አምኜ ነው። ማመኔን አንዱ ወስዶ ማቆያ አደረገው፤ ሌላው ወስዶ መድረክ ላይ ወጣበት። ከዚያ በኋላ ሦስታችን የሚባል ነገር አልነበረም፤ በሌለ ነገር ስም ነው የፈረምኩት። ሦስት ከተሞች ታንቀዋል፤ ያን ሸክም ብቻዬን እሸከማለሁ። ነገር ግን ‹ጎረቤት› መጀመሪያ ሲሠራ ለሚያነብ ሰው ብቻ ነው የተሠራው። አባቴ አያነብም። እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ አታነቡም። እናንተን ጎረቤት ያደረጋችሁ ማን ነው?»

ተቀመጠች። ደምለው በግራ በኩል ያለው አግዳሚ ላይ ነው፣ አሰግድ መሃል፣ እሷ በቀኝ። በመካከላቸው ሦስት ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ አለ፤ የቀረበ ግን የለም።

እትዬ ብርቄ እጃቸውን አንስተው ድምፅ እንዲሰጥ ሊያዙ ሲሉ በሩ ተከፈተ። ጋሽ እንድሪስ ናቸው። ዘግይተዋል። ሱፋቸውን ለብሰዋል፤ የዕድሩ አባል ናቸውና ድምፅ አላቸው። እንደ ደንቡ ድምፅ የሚሰጠው ሰው የመረጠው ሰው አግዳሚ ላይ ሄዶ ይቀመጣል። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አያቸው። ጋሽ እንድሪስ ሦስቱን አግዳሚዎች አዩ። ደምለውን አዩ፤ ዘይነባን አሥር ወር ያስጠበቀውን። አሰግድን አዩ፤ የሙህዲንን ፊት ያመጣላቸውን። ዘይነባን አዩ። ዘይነባ ዓይኗን አላነሳችም፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ዝም አሰኝታቸው ነበር።

ጋሽ እንድሪስ ኮፍያቸውን አወለቁ። አንድ እርምጃ ተራመዱ።

እኔ እዚህ ላይ ላቁም፤ የቀረው የእናንተ ነው። ደምለው ቤቱን ሠራ፤ ደካሞቹን ጠበቀ፤ ጓደኛውን ግን ዓይኗን እያየ ዋሻት። አሰግድ ቤቱን ሰው አስገባበት፤ የሚጠብቁትን ከመጠበቅ አወጣቸው፤ የወሰደው ግን የራሱን አልነበረም፣ ስሟንም ውጦ ዝም አለ። ዘይነባ ቤቱ ያልነበረውን መስኮት ከፈተች፤ ሁለቱም ከዷት፤ እሷም በከዷት ሰዎች ስም ፈርማ ያመኗትን ከዳች። ቁልፉ አንድ ነው፣ የሚይዘውም አንድ ሰው ነው። እናንተ በጋሽ እንድሪስ ጫማ ብትሆኑ ሄዳችሁ የምትቀመጡት ማን አጠገብ ነው? «ጎረቤት» የሚገባው ለማን ነው?